የማይከፍል ላኪ፣ የሚከፍል ተቀባይ፦ ስለ አይፈለጌ ኢሜይል ምንነትና መከላከያ

አይፈለጌ መልእክት የሚባለው ተቀባዩ ሳይጠይቀውና ሳይፈቅድለት በብዛት ተባዝቶ ወደ ኢሜይል ሳጥኑ የሚገባ ጽሑፍ ነው። በዚህ ብያኔ ውስጥ ክብደት ያላቸው ሁለት ቃላት «ፈቃድ» እና «ብዛት» ሲሆኑ፣ አንዱ ብቻውን መልእክትን አይፈለጌ አያሰኘውም። ሥራ ፈላጊ ለማያውቀው ቀጣሪ የሚልከው ማመልከቻ ያልተጠየቀ ቢሆንም ለአንድ ሰው፣ ስለ አንድ ጉዳይ ታስቦ የተጻፈ ስለሆነ ከዚህ ክፍል አይገባም፤ ባንክም ፈቅደው ለተመዘገቡ አሥር ሺህ ደንበኞቹ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ቢልክ ብዛቱ ብቻውን በደለኛ አያደርገውም። በደሉ የሚፈጸመው ሁለቱ ሲጣመሩ፣ ማለትም ላኪው ማንን እንደሚያውክ ሳያውቅና ሳይጨነቅ አንዱን ጽሑፍ ለአእላፍ ሲበትን ነው። ይዘቱም መመዘኛ አይሆንም፤ የበጎ አድራጎት ጥሪ እንኳ ቢሆን ያለ ፈቃድ ለብዙ ሺህ ሰው ከተበተነ አይፈለጌ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር በብዛት የሚሰማው የአታላዮች ብልጠትና የተታላዮች የዋህነት ነው። ይህ ዲስኩር ግን ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ሌላ መነሻ ይይዛል፤ እርሱም አይፈለጌ መልእክት በመሠረቱ የወጪ ጥያቄ መሆኑ ነው። መላክ ለላኪው ከሞላ ጎደል ነጻ ሲሆን፣ መቀበል ደግሞ ጊዜን፣ ትኩረትንና አንዳንዴም የዓመታት ጥሪትን ሲያስከፍል፣ የሚላከው ነገር ከመብዛት የሚያግደው ኃይል አይኖርም። ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ከተሞከሩት መከላከያዎች ውስጥ ፍሬ ያፈሩት በአብዛኛው ወጪውን ከተቀባዩ ጫንቃ አንሥተው ወደ ላኪው የመለሱት ናቸው።

የደብዳቤ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በብሪታንያ እስከ እ.ኤ.አ. 1840 ድረስ የደብዳቤ ማድረሻ ዋጋ በአብዛኛው የሚከፈለው በተቀባዩ ነበር፤ በሮውላንድ ሂል የማሻሻያ ሐሳብ መሠረት በዚያ ዓመት «ፔኒ ብላክ» የተባለው የመጀመሪያው ተለጣፊ ቴምብር ሲወጣ ክፍያው ወደ ላኪው ተዛወረ። ኢትዮጵያም በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት ስትመሠርትና በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን የተቀበለችው ይህንኑ በቴምብር የሚሠራ ሥርዓት ነው። ቴምብር የማጓጓዣ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ላኪው «ይህ ነገር ይህን ያህል ዋጋ ያወጣልን?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ትንሽ ልጓምም ነው። ኢሜይል ቴምብሩን ሲያስቀር ልጓሙንም አብሮ አወለቀው።

ልጓሙ የወለቀው በክፋት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ የኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው በአርፓኔት መረብ ላይ፣ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መልእክት የሚያሻግር ፕሮግራም ሲሠራ የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም ለመለየት ዛሬ «አት» የሚባለውን ምልክት መረጠ። በዚያ መረብ ላይ የነበሩት ሰዎች ተመራማሪዎችና የመንግሥት ተቋማት ባልደረቦች ስለነበሩ አንዱ ሌላውን በስም ወይም በሙያ ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ፖስቴል የጻፈውና «ኤስኤምቲፒ» የተባለው የኢሜይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒውተሮች መልእክት ሲቀባበሉ የሚከተሉት የጋራ ደንብ፣ የተዘጋጀው በዚህ የመተማመን መንፈስ ነበር። ደንቡ ላኪው ስሜ ይህ ነው ያለውን ተቀብሎ ያስተላልፋል እንጂ ስሙ እውነት መሆኑን አይመረምርም፤ ይህም አንድ ሰው በፖስታው ጀርባ ላይ የፈለገውን የላኪ ስም ጽፎ ሳጥን ውስጥ ቢከተው ፖስታ ቤቱ ከማድረስ እንደማይመለስ ማለት ነው። ለሚተዋወቁ ሰዎች መንደር የተሠራው በር፣ መንደሩ ዓለምን ሁሉ ያከለ ከተማ ከሆነ በኋላም ያለ ቁልፍ ቆየ።

ይህ ደንብ ከመውጣቱ በፊትም በዚያው መንደር የመጀመሪያው ያልተጠራ እንግዳ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 1978 ጋሪ ተርክ የተባለው የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሠራተኛ፣ በምዕራብ አሜሪካ ለነበሩ ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች፣ በካሊፎርኒያ ወደሚታዩ አዳዲስ ኮምፒውተሮች የሚጋብዝ አንድ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ፤ ከመረቡ አስተዳዳሪዎችና ከተጠቃሚዎችም ብርቱ ተቃውሞ ደረሰበት። ዛሬ ዓለም የሚጠራበት «ስፓም» የሚለው ስም ግን የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የታሸገ ሥጋ መጠሪያ ሲሆን፣ «ሞንቲ ፓይተን» የተባሉት የብሪታንያ ኮሜዲያን እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረቡት ጨዋታ ቃሉ እየተደጋገመ የሌላውን ሁሉ ንግግር ስለሚያጠፋ፣ የመረቡ ተጠቃሚዎች የሌላውን ድምፅ ለሚውጥ ድግግሞሽ መጠሪያ አደረጉት።

ሁለተኛው ታሪካዊ ክስተት ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1994 በአሪዞና ግዛት ይሠሩ የነበሩ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲጀል የተባሉ ሁለት ጠበቆች፣ «ዩዝኔት» በተባለው የውይይት መረብ ላይ ከ5,000 ለሚበልጡ ቡድኖች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። ማስታወቂያው የሚያወሳው በኢትዮጵያ «ዲቪ» እየተባለ ስለሚታወቀው የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ነበር። ጠበቆቹ ዕጣው የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል በማስጠንቀቅ፣ አመልካች ራሱ ሊፈጽመው ለሚችለው ቀላል ምዝገባ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቁ ነበር፤ ዕጣው ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ በኋላ ዘመን የአይፈለጌ መልእክት መለያ የሆኑት ሦስት ነገሮች ተሟልተው ይታያሉ፤ እነርሱም ትልቅ ተስፋ፣ የጠበበ ቀነ ገደብ እና ያለ አማላጅ ሊገኝ የሚችልን ነገር በአማላጅ የመሸጥ ዘዴ ናቸው።

ይህ ዘዴ ዛሬም በዲቪ ስም ይሠራል። «ዕጣው ወጥቶልዎታል፤ ለቪዛዎ ማስፈጸሚያ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» የሚል ኢሜይል በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በዱባይም ላለ አመልካች ይደርሳል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በተደጋጋሚ ያሳወቀው ግን አመልካች መመረጥ አለመመረጡን የሚያረጋግጠው ሲመዘገብ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ገብቶ መሆኑን፣ በሐዋላ አስቀድሞ ገንዘብ ላክ የሚል መልእክትም የአታላይ መልእክት መሆኑን ነው። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት የሚስማማው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ልዩነቱ በሰማይ ላለችው ላም አሁን የማለቢያ ክፍያ መጠየቁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ይነሣል። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን መልእክት ሳያነብ የሚያጠፋው ከሆነ ላኪው ምን ይጠቀማል? እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይና የሳንዲያጎ ተመራማሪዎች ያካሄዱት ጥናት ለዚህ ቁጥር ያለው መልስ ሰጥቷል። ተመራማሪዎቹ «ስቶርም» በተባለው ቦትኔት ውስጥ ሰርገው ገቡ፤ ቦትኔት ማለት ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በተንኮል ፕሮግራም ተይዘው በአንድ አዛዥ ሥር የሚሠሩ የብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ጭፍራ ነው። ከዚያም ጭፍራው የሚበትናቸውን የመድኃኒት ማስታወቂያዎች ራሳቸው ወዳዘጋጁትና ከማንም ገንዘብ ወደማይወስድ የማስመሰያ መደብር አዞሩ። በ26 ቀናት ውስጥ ወደ 350 ሚሊዮን የሚጠጉ መልእክቶች ተልከው እስከ መግዛት የደረሱት ሰዎች 28 ብቻ ነበሩ፤ ይህም በ12 ሚሊዮን ተኩል መልእክት አንድ ገዢ ማለት ነው። በቴምብር ለሚሠራ ነጋዴ እንዲህ ያለው ውጤት ፍጹም ኪሳራ ነው፤ የሰው ኮምፒውተር፣ የሰው ኤሌክትሪክና የሰው መስመር ለሚጠቀም ሰው ግን ትርፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ያዩት የጭፍራውን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ ጠቅላላ ገቢው በቀን ብዙ ሺህ ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል። እንግዲህ ንግዱን የሚያኖሩት መልእክቱን የሚያጠፉት ሚሊዮኖች ሳይሆኑ የሚገዙት ጥቂቶች ናቸው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን ሚሊዮኖቹ ናቸው።

የሚከፈለው ዋጋ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የጊዜና የአቅም ዋጋ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት በዓለም ላይ ከሚዘዋወረው ኢሜይል ወደ ግማሽ የሚጠጋው አይፈለጌ በመሆኑ፣ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪዎች ለማከማቻና ለማጣሪያ የሚያወጡት ወጪ ዞሮ ዞሮ በተጠቃሚው ላይ ያርፋል፤ ኢንተርኔትን በሜጋባይት እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ያልጠየቀውን ሥዕልና ጽሑፍ ለማውረድ የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ዘረፋ ነው። በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ቁጥር «419» እየተባለ የሚጠራው ማታለያ፣ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ለማሸሽ እንዲረዳ የሚለመነውን ሰው የማስፈጸሚያ ክፍያ እያስከፈለ ያራቁተዋል። ፊሺንግ የሚባለው ዘዴ ደግሞ የባንክን ወይም የአንድ ድርጅትን መልክ ወስዶ የይለፍ ቃልን ያጠምዳል። ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው የሥራ ኃላፊን ወይም የዕቃ አቅራቢን ስም በመጠቀም የሒሳብ ሠራተኛን ገንዘብ እንዲያስተላልፍ የሚያዘው መልእክት ሲሆን፣ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ማለትም ኤፍቢአይ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት ማታለል 2.9 ቢሊዮን ዶላር መጥፋቱን የሚያመለክት አቤቱታ መቀበሉን አስታውቋል።

ሦስተኛው ዋጋ በቁጥር የማይገለጸው የመታመን መጥፋት ነው። ከሐሰተኛው ጋር እውነተኛው ደብዳቤ አብሮ ይጠረጠራል፤ የነጻ ትምህርት ዕድል ያገኘ ተማሪ የደረሰውን የምስራች ማታለያ መስሎት ሊያጠፋው ይችላል፤ ወይም ማጣሪያው ራሱ ደብዳቤውን በአይፈለጌዎች ክምር ውስጥ ጥሎት ቀነ ገደቡ ያልፋል። የአይፈለጌ መልእክት ትልቁ ጉዳት ክፉውን ማስገባቱ ብቻ ሳይሆን መልካሙን ማስቀረቱም መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

መከላከያዎቹን በተመለከተ በስፋት የተሠራበት ማጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች የቀረበውና በ2002 ፖል ግራሃም በጻፈው መጣጥፍ በሰፊው የታወቀው ዘዴ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ ቶማስ ቤይዝ ባመነጨው የይሆናልነት ሒሳብ ላይ ይመሠረታል። ማጣሪያው ቀደም ሲል ተጠቃሚው ከተቀበላቸውና ከጣላቸው መልእክቶች ውስጥ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ክምር ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጥራል፤ አዲስ መልእክት ሲመጣም የቃላቱን ምስክርነት አዳምሮ ወደየትኛው ክምር እንደሚያዘነብል ይወስናል። «አሸንፈዋል»፣ «ሽልማት» እና «በ24 ሰዓት ውስጥ» የሚሉት ቃላት በአንድ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ሲገናኙ ጥርጣሬው ይበረታል፤ ለተቀባዩ ብቻ የሚታወቅ የሥራ ጉዳይ ስም ሲኖርበት ደግሞ ይቀንሳል።

ይህ ዘዴ በአማርኛ ላይ ሲውል የቋንቋው ጠባይ የራሱን ፈተና ያመጣል። ቃልን እንደ ተጻፈ ለሚቆጥር ማጣሪያ «ሰላም» እና «ሠላም» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» መካከል ያለው የአጻጻፍ ልዩነትም እንዲሁ ምስክርነቱን ይበታትናል። በተጨማሪም የአማርኛ ቃል መነሻና መድረሻ ቅጥያዎችን ስለሚደራርብ «ሽልማት»፣ «ሽልማትዎን»፣ «የሽልማቱ» እና «ለሽልማትዎ» የሚሉት አንድ ሥር ያላቸው ቃላት በማሽኑ ዓይን አራት እንግዶች ይሆናሉ፤ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ብዛት ሲጨመርበት ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ስለዚህ ለአማርኛ ብቁ የሆነ ማጣሪያ አስቀድሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መመለስና ቃሉን ከቅጥያው ለይቶ ወደ ሥሩ ማድረስ ይኖርበታል። ይህ ሥራ የኮምፒውተር ባለሙያን ከቋንቋ ሊቅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ የሀገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ሊይዙት የሚገባ የጥናት መስክ ነው።

ማጣሪያ ግን የቱንም ያህል ቢራቀቅ የተቀባዩን ወጪ ይቀንሳል እንጂ የላኪውን አይጨምርም። በዚህ ምክንያት ሊቃውንት የጠፋውን ቴምብር በሌላ መልክ ለመመለስ አስበዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሲንቲያ ድዎርክና ሞኒ ናኦር ያቀረቡት ሐሳብ፣ ላኪው ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ መልእክት ጥቂት ሰኮንዶች የሚወስድ የሒሳብ እንቆቅልሽ እንዲፈታ ማድረግ ነበር፤ ለአንድ ደብዳቤ ኢምንት የሆነው ሥራ ለመቶ ሚሊዮን ደብዳቤ የማይቻል ይሆናልና። ሐሳቡ በኢሜይል ላይ ሥር ሳይሰድ የቀረው፣ ቦትኔት የሚያዝ ሰው እንቆቅልሹን በተሰረቁ ኮምፒውተሮች ስለሚያስፈታ ነው፤ ተመሳሳይ ዘዴ ግን በኋላ ለቢትኮይን አሠራር መሠረት ሆኗል።

የተሻለ ፍሬ ያስገኘው የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት ነው። በቀደመው ዘመን የመኳንንት ደብዳቤ በማኅተሙ ይታወቅ እንደነበረ ሁሉ፣ ዛሬ ሦስት ተደጋጋፊ ደንቦች ለኢሜይል ማኅተም ሆነዋል። «ኤስፒኤፍ» የተባለው ደንብ በአንድ ተቋም ስም መልእክት እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ለዓለም ይገልጻል፤ «ዲኪም» የተባለው በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ሊቀዳ የማይችል የሒሳብ ማኅተም ያትማል፤ «ዲማርክ» የተባለው ደግሞ ከሁለቱ ፈተናዎች አንዱንም ያላለፈ መልእክት እንዲጣል፣ ወደ ጎን እንዲቀመጥ ወይም እንዲያልፍ የተቋሙን ትእዛዝ ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ በብዛት (በጉግል ደንብ በቀን 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ) መልእክት የሚልኩ ሁሉ እነዚህን ማኅተሞች እንዲይዙ፣ ተቀባዩ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ የሚወጣበትን መንገድ እንዲያዘጋጁና የአቤቱታቸው መጠን ከሺህ ሦስት በታች እንዲሆን ደንግገዋል። ወጪው ወደ ላኪው መመለስ የጀመረው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚያውክ ላኪ አሁን ገንዘብ ባይከፍልም መልካም ስሙን ይከፍላል፣ ስሙን ያጣም በሩ ይዘጋበታል። ይሁንና ማኅተሙ የሚመሰክረው መልእክቱ ከየት እንደመጣ ብቻ መሆኑ መረሳት የለበትም፤ አታላይም የራሱን ስም አስመዝግቦ በራሱ ማኅተም ሊታለል የሚችለውን ሰው ሊፈልግ ይችላል።

የምንጩን መደፈን አስፈላጊነት ያሳየ አንድ ክስተት እዚህ ላይ መጠቀስ አለበት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 2008 በካሊፎርኒያ የነበረውና የታላላቅ ቦትኔቶች አዛዥ ኮምፒውተሮች የተጠለሉበት «ማክኮሎ» የተባለ ድርጅት የኢንተርኔት መስመሩ በአቅራቢዎቹ ሲቆረጥ፣ በዓለም ላይ የሚዘዋወረው አይፈለጌ መልእክት በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ቅናሹ ዘላቂ ባይሆንም፣ በሚሊዮን በር የሚገባ የሚመስለው ጎርፍ ከጥቂት ምንጮች እንደሚፈልቅ ግልጽ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናትም በአይፈለጌ መልእክት ከሚሸጡት የመድኃኒት፣ የማስመሰያ ዕቃና የሶፍትዌር ዓይነቶች ውስጥ 95 በመቶ ለሚሆኑት ክፍያ የሚቀበሉት ጥቂት ባንኮች ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ስለዚህም የገንዘቡን መንገድ መዝጋት መልእክቱን አንድ በአንድ ከማሳደድ ይልቅ ይበረታል።

ሕግም በዚህ ትግል ውስጥ ድርሻ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው «ካን ስፓም» የተባለው ሕግ ላኪው እውነተኛ አድራሻውን እንዲገልጽና አልፈልግም ያለውን ተቀባይ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ከዝርዝሩ እንዲያወጣ ያዛል፤ ይህም ተቀባዩ እስኪከለክል ድረስ መላክን ይፈቅዳል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው መመሪያ ግን በተቃራኒው ሸክሙን በላኪው ላይ አኑሮ፣ ከነባር ደንበኞች በስተቀር አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ይደነግጋል። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አንቀጽ 15 ላይ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያን በኢሜይል ማሰራጨትን በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል፤ የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ እንዲሁም ተቀባዩ በቀላሉ እንቢ የሚልበት መንገድ የሰፈረበትን ማስታወቂያ ግን ከቅጣቱ ውጭ ያደርገዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን አድራሻ መሰብሰብና መጠቀም ሕጋዊ መሠረት እንዲኖረው ይጠይቃል። ሕግ ድንበር ሲኖረው ኢሜይል ድንበር ስለሌለው አዋጅ ብቻውን ጎርፉን አያቆምም፤ ቢሆንም በሀገር ውስጥ ላለው ነጋዴና ተቋም የተፈቀደውንና ያልተፈቀደውን ለይቶ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የተጠቃሚው ድርሻ ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ጥበቃ አድራሻን እንደ ቤት ቁልፍ መቁጠር ሲሆን፣ ለግል ጉዳይና ለሥራ አንድ አድራሻ፣ በየድረ ገጹ ለመመዝገብ ሌላ አድራሻ መያዝ ብዙ ችግር ያስቀራል። ለብዙ ሰዎች አንድ መልእክት የሚልክ ሰው በቢሮ ደብዳቤ ላይ «ግልባጭ» ተብሎ በሚታወቀው ቦታ የሁሉንም አድራሻ ከመደርደር ይልቅ ተቀባዮቹ እርስ በርስ በማይተያዩበት ስውር ግልባጭ ቢጠቀም የወዳጆቹን አድራሻ ለማያውቃቸው ሰዎች አሳልፎ ከመስጠት ይድናል። «ለአሥር ሰው ካላስተላለፉ በረከቱ ይቀርብዎታል» የሚለውን ዓይነት መልእክት ማስተላለፍም፣ የላኪው ሐሳብ ቅን ቢሆን እንኳ፣ አድራሻዎችን ለሰብሳቢዎች የሚያከማች ሥራ ነው።

መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ደንብ አለመመለስ ነው። በስድብም ሆነ በልመና የሚሰጥ መልስ ላኪው ከሁሉ በላይ የሚፈልገውን ነገር፣ ማለትም አድራሻው የሚነበብ መሆኑን ያረጋግጥለታል። ከዝርዝር መውጫ የሚለው ማስፈንጠሪያም እንደ ላኪው ይለያያል፤ ተቀባዩ ራሱ የተመዘገበበት የታወቀ ድርጅት ከሆነ መውጫውን መጠቀም ትክክለኛው መንገድ ሲሆን፣ ላኪው የማይታወቅ ከሆነ ግን መውጫው ራሱ ወጥመድ ሊሆን ስለሚችል አለመንካት ይሻላል። በመልእክቱ ውስጥ ያሉ ሥዕሎች በራሳቸው እንዳይከፈቱ ማድረግም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከላኪው ኮምፒውተር የምትጫን ዓይን የማያያት ትንሽ ሥዕል መልእክቱ መቼ እንደተከፈተ ለላኪው ታሳብቃለች።

ሁለተኛው ደንብ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ማሳወቅ ነው። ተቀባዩ መልእክቱን ዝም ብሎ ሲያጠፋው ጥቅሙ ለራሱ ብቻ ነው፤ «አይፈለጌ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ግን ማጣሪያውን ያስተምራል፣ በላኪው ስም ላይም አንድ ምስክርነት ይጨምራል። በዚያው ልክ ይህን ቁልፍ ራሱ ፈቅዶ በተመዘገበበት መጽሔት ላይ መጫን በንጹሕ ላኪ ላይ በሐሰት እንደመመስከር ነው። በየሳምንቱ የአይፈለጌዎችን ክምር መመልከትና በስህተት የተጣለውን ደብዳቤ መመለስም የዚሁ ግዴታ ሌላኛው ገጽ ነው፤ በተለይ የትምህርት ወይም የሥራ ማመልከቻ መልስ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቸል ሊል አይገባውም።

ሦስተኛው ደንብ ገንዘብን ወይም ምሥጢርን የሚጠይቅ መልእክት ሁሉ በሌላ መንገድ እንዲረጋገጥ ማድረግ ነው። ባንክ ነኝ የሚል መልእክት ሲመጣ በውስጡ ባለው ማስፈንጠሪያ ከመግባት ይልቅ የባንኩን ድረ ገጽ ራስ መክፈት፣ አለቃ ገንዘብ አስተላልፍ ብሎ ሲጽፍ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ መጠየቅ፣ በውጭ ሀገር ያለ ዘመድ «ተቸግሬአለሁ» ብሎ ሲጽፍም ድምፁን ሰምቶ ማረጋገጥ አሳፋሪ ጥርጣሬ ሳይሆን ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ከይለፍ ቃል በተጨማሪ በስልክ የሚመጣ ወይም በስልክ የሚመነጭ ሁለተኛ ቁጥር እንዲጠየቅ ማድረግም፣ የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅ እንኳ በሩን በሁለት ቁልፍ ይዘጋዋል።

ተቋማትም ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደሉም። ለደንበኞቹ ኢሜይል የሚልክ ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት ሦስቱን የማንነት ማኅተሞች ካልያዘ፣ ስሙን ለአታላይ በአደራ እንደሰጠ ይቆጠራል፤ ደንበኞቹ ሲታለሉም ጥፋቱን በእነርሱ የዋህነት ላይ ብቻ ሊያላክክ አይገባውም። ፈቃድ ሳይጠይቅ ማስታወቂያ የሚልክ ነጋዴም ዕቃው መልካም ቢሆን እንኳ፣ የሚያተርፈው ጥቂት ደንበኛ ከሚያጣው መልካም ስም ጋር ሲመዛዘን ንግዱ የኪሳራ ንግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ቢል ጌትስ በዳቮስ ጉባኤ ላይ አይፈለጌ መልእክት በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ እንደሚያገኝ ተናግሮ ነበር፤ ትንበያው አልተፈጸመም፣ የቴክኒክ ዕውቀት ብቻውን የማይሸከመው ሸክም ነበርና። የሰውን ጊዜ ያለ ፈቃዱ መውሰድ ገንዘቡን ያለ ፈቃዱ ከመውሰድ የማይሻል በደል መሆኑን ላኪ ሲያምን፣ ተቋም በስሙ ለሚላከው ነገር ኃላፊነት ሲወስድ፣ ተቀባይም የማያውቀውን መልእክት በጥንቃቄ ሲመረምርና ሲያሳውቅ፣ በነጻ የተላከው መልእክት ለላኪው ውድ ይሆንበታል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ኢሜይል ሳጥኑ የሚመለስ ሰው ሁሉ ሦስት ነገሮችን እንዲፈጽም ይህ ዲስኩር አደራ ይላል፤ ለማያውቀው ላኪ አይመልስ፣ አይፈለጌውን ሳያሳውቅ አያጥፋ፣ ገንዘብ ለሚጠይቅ መልእክትም በሌላ መንገድ ሳያረጋግጥ አንድ ሳንቲም አይላክ።